የደሙን ወረቀት ለምታነብ ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ስልክሽን አውጥተሽ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ስድስት ውጤት ካስገባሁ ሥጋው ከሥር እየሞተ መሆኑን ይነግረኛል» ስትይኝ ዝም ያልኩሽ ስላመንኩሽ አልነበረም። እናትሽ ፊት ልከራከርሽ ስላልወደድኩ ነው። ሰኞ ድንገተኛ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ያውም ቂርቆስ ውስጥ፣ ሌሊቱም እንደ ቀን በሚተራመስበት ሰፈር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። 34 ዓመት ደም ስቀዳ፣ ስላይድ ሳይ፣ ውጤት በመስኮት ሳቀብል የኖርኩ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። አንቺ ወረቀቱን ተቀባይ ነሽ፣ እኔ ሰጪ ነበርኩ። ከሰጪው ወገን የሚታየውን ልንገርሽ።

1. ነጥቡ የት አገር፣ ከማን ደም እንደተወለደ እወቂ።

ሊሪኔክ የምትሉትን ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲንጋፖር ውስጥ ዎንግ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ናቸው ያወጡት። ሥጋን ከሥር የሚገድለው ኔክሮታይዚንግ ፋሻይቲስ የያዛቸውን 89 ሰዎች ደም፣ ሌላ ከባድ የቆዳና የሥጋ ኢንፌክሽን ከያዛቸው 225 ሰዎች ደም ጋር አስተያዩ። ሁለቱን ወገን የሚለዩ ስድስት ምርመራዎች አገኙና ነጥብ ሰጧቸው። ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ በሊትር 150 ሚሊግራም ሲደርስ 4 ነጥብ። ነጭ የደም ሴል ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ 1፣ ከዚያ ሲያልፍ 2። ሄሞግሎቢን ከ11 እስከ 13.5 ሲሆን 1፣ ከ11 ሲወርድ 2። ሶዲየም ከ135 ሲያንስ 2፣ ክሬቲኒን ከ1.6 ሲበልጥ 2፣ ስኳር ከ180 ሲበልጥ 1። ጣሪያው 13 ነው። 6 ሲሞላ ጠርጥሩ፣ 8 ሲሞላ አጥብቃችሁ ጠርጥሩ አሉ።

«ጠርጥሩ» ነው ያሉት፣ ልብ በይ። እዚያው ሲንጋፖር ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ89 ሕሙማን መካከል ሆስፒታል በገቡበት ሰዓት በሽታው የታወቀላቸው 13 ብቻ እንደነበሩ አምነዋል። ነጥቡን ያስወለዳቸው ይህ ነገር ይመስለኛል። ሐኪም ዓይኑ ሲሸወድ ደም ቀድሞ ይናገር እንደሆነ ለመሞከር ነው።

2. ስድስቱ ስለምን እንደሚለዋወጡ ካላወቅሽ አትደምሪያቸው።

ቁስል ማሰሪያውን ፋሻ የምንለው ከጣሊያን ወስደን ነው፤ ጡንቻን የሚጠቀልለው ስስ ነጭ ሽፋን፣ ፋሺያም፣ ከዚያው ቃል ነው የመጣው። ተሕዋሱ በዚህ ሽፋን ላይ ይሮጣል። ቆዳው ገና ደህና መስሎ ሳለ ከሥር ያሉት ትናንሽ የደም ሥሮች ይረጋሉ፣ ሥጋው ይሞታል። ፀረ ተሕዋሱን በደም ሥር ብትሰጪውም ደም ከማይሄድበት ሥጋ አይደርስም፤ ሰርጀኑ ቆርጦ ማውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ሰውነት ይህን ሲያይ ጉበት ሲአርፒን በገፍ ያመርታል፤ አጥንት መቅኔ ነጭ ሴል ይልካል። ኩላሊት ደም ሲያንሰው፣ የሚፈርሰው ጡንቻም ሲጨመርበት፣ ክሬቲኒን ይወጣል። ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ ሶዲየም ይቀጥናል። የጭንቀት ሆርሞን ስኳርን ያስነሣል። ብግነቱና የአንዳንዱ ተሕዋስ መርዝ ሄሞግሎቢንን ያወርዳሉ። ስድስቱም የሰውነት ጩኸት ናቸው፤ ጩኸቱ ስለምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። ሳንባ ምችም ጣፊያ ድረስ የገባ ወባም ሰውነትን ያስጮኸዋል።

3. ባዶውን ቦታ ዜሮ ብለሽ አትደምሪ።

ይህን ጠንክሬ ነው የምነግርሽ፤ እኔም ያለሁበት ጥፋት ስለሆነ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። ካዛንቺስ መናኸሪያ አጠገብ መኪና በመጠበቅ የሚተዳደር፣ ስኳር ያለበት ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መጣ። ከሦስት ቀን በፊት የግንባታ ሚስማር ረግጧል። እግሩ እስከ ባቱ አብጧል። «አጥንቴን እየቆረቆሩኝ ነው» ይላል፤ ቆዳው ላይ ግን ከማበጡ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለም።

ደሙ መጣልኝ። ነጭ ሴል 9.8 ሺህ፣ ሄሞግሎቢን 12.9፣ ስኳር 264፣ ክሬቲኒን 1.4። የሶዲየሙ ማሽን ሪኤጀንት ካለቀበት ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ለሲአርፒም ያለን ላቴክስ ብቻ ነው፦ ካርድ ላይ ጠብታ በጠብታ ቀላቅለሽ እያወዛወዝሽ ሲረጋ «ፖዘቲቭ» የምትይበት። ፖዘቲቭ አልኩ። ከሶዲየሙ ፊት «ሪኤጀንት የለም» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን በመስኮት አወጣሁ። ኢንተርኑ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንዳንቺ ነጥቡን በቃሉ ያውቃል። ሄሞግሎቢን 1፣ ስኳር 1፣ ድምር 2። «ሴሉላይቲስ» ብሎ ክሎክሳሲሊን አዘዘና አስተኛው።

ንጋት ላይ እግሩ ወይን ጠጅ የመሰለ ውሃ ቋጠረ። ቤተሰቡ ያን ጠዋት ደም ይዘው የግል ላብራቶሪ ሄዱ፦ ሶዲየም 129፣ ሲአርፒ በሊትር 212 ሚሊግራም። ደምሪው። 2 የነበረው 8 ሆነ። እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ልጁ አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም። እኔ «የለም» አልኩ፤ እሱ «ዜሮ» ብሎ አነበበ። ከዚያ ወዲህ ለኢንተርኖች ሁሉ የምነግራቸው ዘዴ ይህ ነው፦ ያልተሠራ ምርመራ ካለ ሁለት ጊዜ ደምሪ፤ አንዴ ባዶውን ዜሮ ብለሽ፣ አንዴ ባዶው ሙሉ ነጥቡን ቢያገኝ ብለሽ። የዚያን ሰው ካርድ ላይ መጻፍ የነበረበት «ከ2 እስከ 8» ነበር። እንዲህ የሚል ወረቀት ይዞ የሚተኛ ተረኛ ሐኪም አላውቅም።

ደግሞ አንድ የላብራቶሪ ምስጢር። የላቴክሱ ፖዘቲቭ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ6 ሚሊግራም ጀምሮ ነው፤ 7 ቢሆንም 300 ቢሆንም ያው ፖዘቲቭ ነው። ነገር ግን ሴረሙን ደረጃ በደረጃ አቅጥነን ማንበብ እንችላለን። አንድ ለ16 ላይ የሚረጋው መጨረሻው ከሆነ ወደ 96 ይሆናል፣ አንድ ለ32 ከሆነ ወደ 192። ሻካራ ቁጥር ነው፤ ለአንቺ ጥያቄ ግን ይበቃል። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያን ሌሊት ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ሳልጠየቅ አልሠራሁም።

4. ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቢ።

አንዱ ማሽን ሲአርፒን በሊትር ያወጣል፣ ሌላው በዴሲሊትር። በዴሲሊትር 18 የሚል ወረቀት አይተሽ «18 ምን አላት» ካልሽ፣ በሊትር 180 መሆኗን፣ አራቱን ነጥብ ሙሉ መውሰዷን ሳታውቂ ቀረሽ። ክሬቲኒንና ስኳርም እንደዚሁ ናቸው፤ በፈረንጁ መጽሐፍ 141 እና 10 ተብለው ብታገኚያቸው በእኛ ወረቀት 1.6 እና 180 የሚባሉት ናቸው።

5. የሰውየውን የድሮ ወረቀት ፈልጊ።

የመኪና ጠባቂው ሚስት በላስቲክ የጠቀለለችው የስኳር ክትትል ካርድ ነበራት። በኋላ ነው ያየሁት። ከስድስት ወር በፊት ደህና ሆኖ ሳለ ነጭ ሴሉ 3.6 ሺህ ነበር። ያን ሌሊት 9.8። ማሽኑ «ኖርማል» ብሎ ያለፈው ቁጥር ለዚያ ሰው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ይህ የአንድ ሰው ነገር አይደለም። ከእኛ ሰው ብዙው በደህና ጊዜው ነጭ ሴሉ፣ በተለይም ኒውትሮፊሉ፣ ከፈረንጁ ዝቅ ያለ ነው። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲመረመሩም ይኸው ታይቷል፤ በሽታ አይደለም። አንዱ ምክንያት ቀይ ሴል ላይ የሚገኘው ዳፊ የሚባለው ምልክት አለመኖሩ ነው፤ አንዱን የወባ ዓይነት የሚያስቸግረውም ይህ ምልክት አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ሲንጋፖር ላይ የተቆረጠው 15 ሺህ ለካዛንቺስ ሰው ሩቅ ተራራ ሊሆንበት እንደሚችል አስቢ። የነጥቡን ሠንጠረዥ እንደፈቀድሽ ቀይሪው አልልሽም፤ ማስረጃ የለኝም። ነጭ ሴሉ ነጥብ አላገኘም ብለሽ ግን ልብሽን አታሳርፊ።

ሄሞግሎቢን ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ ትሰሚያለሽ። «አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ የሁሉም ሰው ደም ወፍራም ነው» ይላሉ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው ጥናት እዚሁ አገራችን፣ አማራ ክልል፣ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ነው ያገኘው፤ ባሕር ጠርዝ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ። አንዲስ ተራራ ላይ ያለው ሰው እንደሚወፍረው የእኛ አይወፍርም። ስለዚህ በጥቅሉ ከመገመት የዚያን ሰው ያለፈ ወር ወረቀት ማየት ይሻላል። አንዲት አራስ 10.5 ብታመጣ ኢንፌክሽኑ ያወረደው ነው ወይስ ምጥ ላይ የፈሰሳት ደም? ወረቀቷን ካላየሽ አታውቂም።

6. ደሙ ከየትኛው ክንድ እንደተቀዳ ጠይቂ።

ግሉኮስ እየገባበት ካለው ክንድ፣ ከመርፌው በላይ የተቀዳ ደም ስኳሩ ሰማይ ይነካል፣ ሄሞግሎቢኑ ይቀጥናል፣ ሶዲየሙ ይወርዳል። ሦስቱም ነጥብ ናቸው! ሰው ሳይታመም በሲሪንጅ የታመመ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ሲስተሮቹን «ከየት ነው የቀዳችሁት» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ፤ ተቆጪ ሆነሽ ከጠየቅሽ እውነቱን አይነግሩሽም፣ እኔም ብሆን አልነግርሽም።

7. ትልቅ ቁጥር ሰርጀን ያስጠራሻል፤ ትንሽ ቁጥር ግን ማንንም ወደ ቤቱ አይመልስልሽም።

ነጥቡ ሲወለድ 6 ከሞላ 92 በመቶ እውነት ነው፣ ካልሞላ 96 በመቶ የለበትም ተብሎለት ነበር። ቁጥሩ ልብ ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበ ሥራ ሲወጣ ግን 6ን መቁረጫ ብታደርጊ በሽታው ካለባቸው የምትይዢው 68.2 በመቶውን ብቻ እንደሆነ ታየ። ከሦስቱ አንዱ ያመልጥሻል ማለት ነው። ወደ 8 ብታሳድጊው የምትይዢው 40.8 ነው። ትኩሳቱም ቢሆን አያድንሽም፤ እዚያው ሥራ ላይ ትኩሳት ያላቸው ከግማሽ በታች ነበሩ።

አንዱ ምክንያት ሰዓት ነው። ሲአርፒ ጉበት ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ስድስት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፤ ጫፍ የሚደርሰው ወደ ሁለተኛው ቀን ነው። ቶሎ የመጣ ሕመምተኛ፣ ማለትም ልታድኚው የምትችይው፣ ነጥቡ ትንሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጉበቱ የተጎዳም ሰው ሲአርፒው አይነሣም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ የሌሊት 5 ሰዓቱን ወረቀት ይዘሽ ንጋት ላይ አትከራከሪ። ከጠረጠርሽ በአራት በስድስት ሰዓት ደግመሽ ወደ ላብራቶሪው ላኪ። አንዱ ቁጥር ከሚነግርሽ ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ይበልጥ ይነግርሻል። ላክቴትና ሲኬ የሚሠራበት ቦታ ከሆንሽ ጨምሪያቸው፤ ላክቴት ሲወጣ ሰውየው እየደከመ ነው፣ ሲኬ ሲወጣ ጡንቻው እየተነካ ነው። ፕሮካልሲቶኒን ውድ ነው፤ ላንቺ ለዚህ ጥያቄ ያን ያህል የሚጨምርልሽ አይመስለኝም።

እጅሽን ግን ምንም አይተካውም። ሕመሙ ከሚታየው ይበልጣል? እብጠቱ ከቀላው አልፎ ሄዷል? መጽሐፉ «ቀይ» የሚለው ለነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት አትፈልጊ፤ የሚያብለጨልጭ፣ የተወጠረ፣ የሚተኩስ ቦታ ፈልጊ፣ በጣትሽ ስትጫኚው እንደ እንጨት የሚደርቅ። ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጋዝ ነው። በጣም ያመው የነበረ ቦታ ድንገት «አሁን አይሰማኝም» ካለሽ ደስ አይበልሽ፤ ነርቩ ሞቶ ይሆናል። ጠርዙን በእስክሪብቶ ከብቢና ሰዓቱን ቆዳው ላይ ጻፊ። እኔ ካየኋቸው ማሽኖች ሁሉ ርካሿ እስክሪብቶ ስትበልጥ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰርጀኑ ነው። በማደንዘዣ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍቶ ጣቱን ይሰዳል። ደም ካልወጣ፣ የድስት እጣቢ የመሰለ ውሃ ከወጣ፣ ሥጋው ከሽፋኑ ያለ ትግል ከተላቀቀለት፣ ደሙ ምንም ይበል ነገሩ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በወጣ አንድ ጥናት የተረፉት ሰዎች ሆስፒታል ከገቡ እስከ ኦፕራሲዮን በአማካይ 25 ሰዓት፣ የሞቱት 90 ሰዓት ነበር የቆዩት። ሲቲ ስካን ተራ ስትጠብቂ፣ ካርዲዮሎጂ እስኪያየው ስትጠብቂ፣ ይህን 25 አስቢው።

8. እብጠቱ ከመድረሱ በፊት የት የት እንዳደረ ጠይቂ።

ድሮ የካዛንቺስ ሰው እግሩ ካበጠ ጎረቤት ያያል፣ ጎረቤቱ ይጎትተዋል፣ በእግርም ቢሆን ዘውዲቱ ሆስፒታል ይደርሳል። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ሲነሣ ብዙዎቻችን ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ ደህና ነው፤ አላማርርም። ግን ሥራው መሐል ከተማ የቀረበት ብዙ ነው፤ ካርዱም እዚያው የቀረበት። ሰው «ነገ ስሄድ አሳየዋለሁ» ይላል። ሰዓት ስትቆጥሪ ከበርሽ ሳይሆን ከሚስማሩ ጀምረሽ ቁጠሪ።

መንገድ ላይ የወሰደውንም ጠይቂ። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የተወጋ ሰው ሕመሙም ትኩሳቱም ተሸፍኖ ነው የሚመጣሽ። ዳማከሴ ታሽቶበት፣ ምች ነው ተብሎ፣ ጠበል ተጠምቆም ሊሆን ይችላል፤ ፊትሽን ሳታጨማድጂ ስሚው፣ ያኔ ቀኑን በትክክል ይነግርሻል። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ከሆነ ደግሞ ነጥቡን ጭራሽ ተይው፤ እዚያ የሞተው ሥጋ ደም ታንቆበት ነው፣ ሊሪኔክ ለዚያ አልተሠራም። ከብት አርዶ፣ ቆዳ ገፎ፣ መሐሉ ጥቁር የሆነ ዙሪያው ያበጠ፣ ብዙም የማያመው ቁስል ይዞ ለመጣ ደግሞ አባ ሰንጋን አስቢ። የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፤ በዓል ሲደርስ ከተማውም ገጠር ይሆናል።

9. ስልኩን አንሺ።

ላብራቶሪው መስኮት ብቻ አይደለም፣ ከመስኮቱ ጀርባ ሰው አለ። «እግሩ ያበጠ የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ሥጋው እንዳይሞት ፈርቻለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢደርሰኝ ኖሮ ያን ሌሊት ላቴክሱን አቅጥኜ አነብ ነበር፣ ሶዲየሙን በሞተር አስልኬ ሌላ ቦታ አሠራ ነበር። የተላከልኝ ጥያቄ ግን የምርመራዎቹ ስም ብቻ ነበር፤ ዕድሜው እንኳ አልተጻፈም። እኔም «ሪኤጀንት የለም» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ደውዬ መናገር እችል ነበር። ስልኩ እጄ ሥር ነበር።

ሰውየውን አሁንም አገኘዋለሁ። እሱም ገላን ጉራ ደርሶታል። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ሰልፍ ላይ በክራንቹ ተደግፎ «አቶ ላብራቶሪ» ብሎ ይጠራኛል፣ ቦታ ይይዝልኛል። ያ የክትትል ካርድ ዛሬም ደረት ኪሱ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ያለው። ባለፈው አውጥቶ አሳየኝ፤ 3.6 የሚለው በእስክሪብቶ ተከብቧል፣ ማን እንደከበበው አልጠየቅሁትም።